ለእህቴ ልጅ፦ ሙቀትና ቅዝቃዜን ስለማስቀመጥ ዘጠኝ ምክር

የእህቴ ልጅ፣ እየቀለጡና እየረጉ ሙቀት የሚያስቀምጡ ቁሶችን ሥራዬ ብለሽ ልትይዢ እንደተነሣሽ እናትሽ ነገረችኝ። ለሚኤሶ ወተት ነጋዴዎች ማቀዝቀዣ፣ ለገለምሶ ገበሬዎች ቡና ማድረቂያ፣ ለሰፈራችን እናቶች በፀሐይ የሚሠራ ምጣድ፣ ሁሉንም ባንድ ጊዜ ልትጀምሪ አስበሻል አለችኝ። ሐሳብሽን ወድጄዋለሁ፤ ጥድፊያሽን ግን አልወደድኩትም። እኔ ከአሰበ ተፈሪ፣ ከዛሬዋ ቺሮ፣ እስከ በዴሳና ሂርና ማቀዝቀዣ ስጠግን ነው ያረጀሁት። በእጄ የነካሁትንና በመጽሐፍ ያገኘሁትን በቁጥር ለይቼ ጽፌልሻለሁ። ቸኩለሽ አታንብቢው።

1. ማስቀመጫን ከምንጭ ለዪ።

ሰም ሆነ ጨው ወይም በረዶ፣ የትኛውም ቁስ በራሱ ሙቀትም ቅዝቃዜም አይፈጥርም። የሐረርጌ ገበሬ ማሽላውን መሬት ቆፍሮ በጉድጓድ ያኖራል፤ ጉድጓዱ ግን ማሽላ አያበቅልም። ያላስገቡበትን አያወጡበትም፤ ክዳኑ ከላላ ደግሞ የገባውም ይበላሻል። ያንቺም ቁስ እንዲሁ ነው። ሙቀቱ ከፀሐይ ወይም ከእሳት፣ ቅዝቃዜው ከኮምፕሬሰር ወይም ከሌሊት አየር መምጣት አለበት። የቁሱ ሥራ ሲገኝ ተቀብሎ ሲጠፋ መመለስ ብቻ ነው። ስለዚህ አንድ ሻጭ «ይህ ቁስ ኃይል ይቆጥባል» ቢልሽ፣ ከየት እንደሚያገኘው፣ በስንት ሰዓት እንደሚሞላና ለስንት ሰዓት እንደሚቆይ ጠይቂው። ሦስቱን ካልመለሰልሽ ገንዘብሽን ከቦርሳሽ አታውጪ።

2. ዲግሪው የሚቆምበትን ቦታ ልብ በዪ።

አሰበ ተፈሪ ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች፣ ውኃ እዚህ የሚፈላው በ94 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ነው። ከፈላ በኋላ ከሰል ብትጨምሪበት ቶሎ ይተናል እንጂ ዲግሪው አይጨምርም። የጨመርሽው ሙቀት የሚያልቀው ፈሳሹን ወደ እንፋሎት በመለወጥ ነው። በረዶም ሲቀልጥ የመጨረሻዋ ቁራጭ እስክታልቅ ድረስ ዜሮ ላይ ይቆማል። ቴርሞሜትር የማያሳየውን ይህን ሙቀት ስኮትላንዳዊው ጆሴፍ ብላክ በ1760ዎቹ እ.ኤ.አ. ግላስጎው ውስጥ ለካው፤ ስሙም ድብቅ ሙቀት ተባለ።

መጠኑ ቀላል አይደለም። አንድ ኪሎ በረዶ ለመቅለጥ ብቻ 334 ኪሎጁል ይወስዳል። በዚሁ ሙቀት አንድ ኪሎ ውኃ ከዜሮ ተነሥቶ እስከ 80 ዲግሪ ሊሞቅ ይችላል። እንግዲህ የእነዚህ ቁሶች ጥቅም ሁለት ነው፦ በትንሽ ክብደት ብዙ ሙቀት ይይዛሉ፤ ሲቀበሉም ሲሰጡም አንድ ዲግሪ ላይ ይቆማሉ። ሰው ሁሉ የሚያወራው ስለ መጀመሪያው ነው። እንጀራ የሚሆንሽ ግን ሁለተኛው ነው፤ ክትባትም፣ ወተትም፣ ቡናም የሚጠፉት ዲግሪው ከቦታው ሲናወጥ ነውና።

3. ከቁሱ በፊት ሥራው የሚፈልገውን ዲግሪ እወቂ።

ክትባት ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ይፈልጋል። ወተት ለ4 ዲግሪ በቀረበ ቁጥር ይቆያል። ሰው ቤቱ ውስጥ 25 ዲግሪ አካባቢ ይስማማዋል። የሊድ አሲድ ባትሪ ዕድሜ የሚሰላውም በ25 ዲግሪ ነው፤ ሙቀቱ በ10 ዲግሪ በጨመረ ቁጥር ዕድሜው በግማሽ ገደማ ይቀንሳል። በቆላ ከተሞች በቆርቆሮ ሣጥን የታሸጉ የሶላር ባትሪዎች ቶሎ የሚሞቱበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው። የሐረር ቡና ከነገለባው በፀሐይ ይደርቃል፤ ማድረቂያ ብትሠሪለት ፍሬው ከ45 ዲግሪ በላይ እንዳይግል ጠብቂው። እንጀራ ደግሞ 200 ዲግሪ ገደማ የጋለ ምጣድ ይፈልጋል።

ይህን ካወቅሽ በኋላ ቁሱን ፈልጊ። ውኃ በ0 ይቀልጣል። ቴትራዴኬን የሚባለው የፓራፊን ዓይነት በ6 ገደማ፣ ከውኃ ጋር የተዋሐደ ካልሲየም ክሎራይድ በ29፣ የግላውበር ጨው በ32፣ የሻማ ሰም ከ50 እስከ 60 ባለው መካከል፣ የንብ ሰም ከ62 እስከ 64፣ የሶዲየምና የፖታሲየም ናይትሬት ቅይጥ በ220 አካባቢ ይቀልጣሉ። ለቡናው 58 ዲግሪ ላይ የሚቀልጥ ሰም የመረጠ ሰው ከሁለት አንዱ ይደርስበታል፦ ወይ ሰሙን ለማቅለጥ ሲል ቡናውን ያበላሸዋል፣ ወይ ቡናውን ሲጠብቅ ሰሙ ሳይቀልጥ ፀሐይ ትጠልቅበታለች። ለዚያ ሥራ ከ45 ያልበለጠ ነው የሚያስፈልገው።

የቅይጥን ጠባይም እወቂ። ቅቤ ውስጡ ብዙ ዓይነት ስብ ስላለበት ባንድ ዲግሪ አይቀልጥም፤ ቀስ በቀስ እየላላ ይሄዳል። ገበያ የምታገኚው የሻማ ሰምም ከአንዱ ፋብሪካ ወደ ሌላው ይለያያል። የሻጩን ቃል ይዘሽ አትሥሪ፤ ራስሽ አቅልጠሽ ለኪው።

4. ከጤና ኬላው የክትባት ሣጥን ተማሪ።

ይህ ዕውቀት ወደ ምዕራብ ሐረርጌ ገና ሊመጣ ያለ አዲስ ነገር እንዳይመስልሽ። የሀገራችን የክትባት ፕሮግራም በ1980 እ.ኤ.አ. ተጀመረ። የጤና ሠራተኛዋ በትከሻዋ አንግታው ገደል የምትወርድበት ሣጥን ውስጥ ያለው አይስ ፓክ አንቺ የምታጠኚው ቁስ ነው፤ ውኃ በፕላስቲክ ታሽጎ።

የዚያ ሣጥን የመጀመሪያ ትምህርት፣ ጠላት ሙቀት ብቻ አለመሆኑ ነው። ፔንታቫለንት፣ የሳምባ ምች፣ የቴታነስና የማሕፀን በር ካንሰር መከላከያ ክትባቶች አንዴ በረዶ ከሆኑ አለቀላቸው። ብልቃጡ ላይ የተለጠፈው ቀለሙን የሚቀይር ምልክት ደግሞ የሚያሳየው የሙቀት ጉዳትን እንጂ የበረዶ ጉዳትን አይደለም። ከፍሪዘር አሁን የወጣ አይስ ፓክ ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ ሊሆን ይችላል፤ ክትባቱ አጠገብ ቢቀመጥ ያበላሸዋል። ስለዚህ የሠለጠነች ባለሙያ አይስ ፓኮቹን አውጥታ ጠረጴዛ ላይ ትደረድራቸዋለች። ቆየት ብላ አንዱን አንሥታ ትነቀንቃለች። ውስጡ ውኃ ሲንቦጫቦጭ ከሰማች፣ በረዶው መቅለጥ ጀምሯል፣ ዜሮ ላይ ቆሟል ማለት ነው፤ ያኔ ታሽጋለች። አንቺ በላቦራቶሪ በመሣሪያ የምትለኪውን እሷ በጆሮዋ ትለካዋለች። እንዲህ ያለውን የሥራ ብልሃት አትናቂ፤ የምትሠሪው ዕቃም በእንዲህ ያለ ቀላል ምልክት ደርሷል አልደረሰም የሚባል ይሁን።

ሁለተኛው ትምህርት ስለ ባትሪ ነው። ቀድሞ በፀሐይ የሚሠሩ የክትባት ማቀዝቀዣዎች ባትሪ ነበራቸው። ባትሪው በጥቂት ዓመት ይደክማል፣ መለዋወጫው አይመጣም፣ ማቀዝቀዣው ካርድና መዝገብ ማስቀመጫ ሆኖ ይቀራል። አሁን የሚገቡት አዲሶቹ ያለ ባትሪ የሚሠሩ ናቸው። ቀን የፀሐይ ሰሌዳው ኮምፕሬሰሩን በቀጥታ ያሠራል፤ ኮምፕሬሰሩ በማቀዝቀዣው ግድግዳ ውስጥ ያለውን ውኃ ወይም ሌላ ቁስ ያረጋል፤ ማታ የረጋው ቁስ ክትባቱን ይጠብቃል። የዓለም ጤና ድርጅት እንዲህ ያለው ማቀዝቀዣ ፀሐይ ብትጠፋ ቢያንስ ለሦስት ቀን ቅዝቃዜውን እንዲጠብቅ ይጠይቃል። መብራት ለገባበት ከተማ ደግሞ ግድግዳው በረዶ የሚይዝ ማቀዝቀዣ አለ፤ በቀን 8 ሰዓት መብራት ካገኘ ይበቃዋል። መብራት ሄደ መጣ በሚባልበት ከተማ ላደገች ልጅ የዚህን ዋጋ ማስረዳት አያስፈልገኝም።

5. መልሶ የሚረጋበትን ሰዓት አስቢ።

ቀን መቅለጡን ሁሉም ያስባል፤ ማታ መርጋቱን የሚያስብ ጥቂት ነው። 26 ዲግሪ ላይ የሚቀልጥ ቁስ ኮርኒስ ላይ ብትዘረጊ፣ አሰበ ተፈሪ ላይ መስኮት ከፍተሽ የሌሊቱን አየር ካስገባሽለት ይረጋል። ቁልቁለቱን ወርደሽ 1,300 ሜትር ገደማ ላይ ካለችው ሚኤሶ ስትደርሺ ግን ሌሊቱ ራሱ የሚሞቅበት ወቅት አለ። ቁሱ እንደቀለጠ ያድራል፤ በማግሥቱ ጣሪያ ላይ የተሰቀለ ተራ ፈሳሽ ነው። ለቆላ ቆርቆሮ ቤት ጥላ፣ ኮርኒስና የአየር መውጫ ይቀድማሉ። እነዚህ ሳይሟሉ ውድ ቁስ መግዛት ገንዘብ መጣል ነው።

በፍሪዘርም ያው ነው። ከመቶው 23 እጅ የገበታ ጨው የተሟሟበት ውኃ ከዜሮ በታች 21 ዲግሪ ላይ ይረጋል፤ ሥጋና አይስ ክሬም ለማቆየት ግሩም ዲግሪ ነው። የሱቁ ፍሪዘር የሚወርደው ግን ከዜሮ በታች እስከ 18 ብቻ ከሆነ፣ ያ ውኃ ዓመቱን ሙሉ ቢቀመጥ አይረጋም። የሚያረጋው አየር ወይም ብረት ከቁሱ መርጊያ በጥቂት ዲግሪ መቀዝቀዝ፣ የሚያቀልጠውም በጥቂት ዲግሪ መሞቅ አለበት። ይህ ልዩነት ከሌለ ሙቀት ከቦታው አይንቀሳቀስም።

6. የየቁሱን ዐመል አጥኚ።

በ1948 እ.ኤ.አ. የሃንጋሪ ተወላጇ ሳይንቲስት ማሪያ ቴልክስ በአሜሪካ፣ በማሳቹሴትስ ግዛት ዶቨር በምትባል ከተማ በፀሐይ የሚሞቅ ቤት አሠራች። የቀኑን ሙቀት ለሌሊት የሚያቆየው የግላውበር ጨው ነበር። መጀመሪያ ላይ ሠራ፤ በሦስተኛው ክረምት ግን ጨውና ውኃው ተለያዩ፣ ከባዱ ከሥር ዘቀጠ፣ ማሞቂያውም አቃተው። ከውኃ ጋር የተዋሐዱ ጨዎች ዐመላቸው ይህ ነው። መለያየት ብቻም አይደለም፤ መርጊያቸው ደርሶ እንኳ ሳይረጉ ፈሳሽ እንደሆኑ ይቀዘቅዛሉ። ለግላውበር ጨው ጥቂት ቦራክስ ቢጨመርበት መርጋቱን ያስጀምረዋል፤ ይህንንም ያሳየችው ራሷ ቴልክስ ናት። ብዙዎቹ ብረት ስለሚበሉ ዕቃቸው ፕላስቲክ ይሁን።

ሰም አይለያይም፣ ብረትም አይበላም። ጉድለቱ ሙቀት በውስጡ አለማሳለፉ ነው፤ በዚህ ከውኃ እንኳ በሦስት እጅ ያንሳል። ዳሩ ቀልጦ መሐሉ ደረቅ ሆኖ ይውላል። ስለዚህ በትልቅ በርሜል አታስቀምጪው፤ በቀጭን ቱቦ ወይም በጠፍጣፋ ዕቃ ከፋፍይው፣ የአሉሚኒየም ክንፍም አስገቢበት። ሲቀልጥ ከመቶ 10 እጅ ገደማ ስለሚያብጥ ከላይ ባዶ ቦታ ተዪለት። ውኃ በተቃራኒው ሲረጋ በ9 እጅ ያብጣል፤ ጢም ብሎ የተሞላ ጠርሙስ በፍሪዘር የሚፈነዳው ለዚህ ነው። ሰም ተቀጣጣይ መሆኑንም አትርሺ፤ ከእሳት አርቂው።

7. የእንጀራውን ነገር በትዕግሥት ያዢው።

በዚህ ረገድ የሀገራችን ሰዎች ብዙ ደክመዋል። ከመቀሌ ዩኒቨርሲቲ አስፋፋው ኃይለሥላሴና ሙሉ ባይራይ፣ ከኖርዌይ የሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ኦሌ ዮርገን ኒዳል በ2014 እ.ኤ.አ. የፀሐይን ሙቀት አስቀምጦ እንጀራ ስለመጋገር ጥናት አሳትመዋል። መስተዋቱ ፀሐይን ይሰበስባል፣ ሙቀቱን የሚያጓጉዘው እንፋሎት ነው፣ የሚያስቀምጠው ደግሞ በ220 ዲግሪ አካባቢ የሚቀልጠው የናይትሬት ጨው ነው። እንፋሎቱ ወደ ላይ ወጥቶ ሙቀቱን ሰጥቶ ውኃ ይሆናል፤ ውኃውም በራሱ ክብደት ተመልሶ ይወርዳል። ፓምፕ አያስፈልገውም። መንገዱ ትክክል ነው።

ክብደቱን ግን አስዪው። የኤሌክትሪክ ምጣድ 3.5 ኪሎዋት ገደማ ይስባል። ግማሽ ሰዓት ቢሠራ 6,300 ኪሎጁል ነው። ይህ ጨው ሲቀልጥ በኪሎ 110 ኪሎጁል ያህል ይይዛል። እንግዲህ ለግማሽ ሰዓት ጋገራ በመቅለጥ ብቻ 57 ኪሎ ጨው ያስፈልጋል፤ ያውም አንዳች ሙቀት ሳይባክን። በላዩ መስተዋቱ፣ ቱቦውና መሸፈኛው አለ። ይህ ለአንድ ጓዳ ይከብዳል፤ ብዙ እንጀራ ለሚጋግር ድርጅት ወይም ለተማሪዎች ምግብ ቤት ግን ሊሆን ይችላል።

ስፔን አንዳሶል ላይ 28,500 ቶን የጋለ ጨው ለሰባት ሰዓት ተኩል ኤሌክትሪክ ያመነጫል ሲሉሽም አትደናገሪ። እዚያ ጨው ሁልጊዜ ፈሳሽ ነው፤ ይሞቃል፣ ይቀዘቅዛል እንጂ አይረጋም። ሥራው ከዚህ የተለየ ነው።

አንድ ነገር ደግሞ እንደ አባት አዝሻለሁ። የቀለጠ ናይትሬት ላይ የውኃ ጠብታ ከወደቀ ተስፈንጥሮ ፊት ያቃጥላል፤ ከከሰል፣ ከስኳር ወይም ከዘይት ጋር ከተገናኘ እሳት ያስነሣል። በእናትሽ ጓዳ እንዳትሞክሪው። ላቦራቶሪና የሚያስጠነቅቅሽ መምህር ይኑር።

8. ከውኃ ጀምሪ።

በዋጋም፣ በደኅንነትም፣ በሚይዘው ሙቀትም ውኃን የሚስተካከል አታገኚም። ሚኤሶ ሂጂና የግመል ወተት የሚሸጡትን ሴቶች አስቢ። ዕቃቸውን በወይራ ጭስ ያጥናሉ፤ ወተቱንም ያቆይላቸዋል። ይህን ልማድ ልትተኪው አትነሺ፤ አግዢው። ሃያ ሊትር ወተት ከ35 ዲግሪ ወደ 10 ለማውረድ 2,000 ኪሎጁል ማውጣት አለብሽ፤ ይህም 6 ኪሎ የሚቀልጥ በረዶ ማለት ነው። በመንገድ ለሚገባው ሙቀት ጨምረሽ 10 ኪሎ ያዢ። በረዶው ከወተቱ ጋር አይቀላቀል፤ ታሽጎ በዙሪያው ይቀመጥ። ፕላስቲክ ጀሪካን ቅዝቃዜውን ቀስ ብሎ ነው የሚያስገባው፤ የአሉሚኒየም ዕቃ ይሻላል። ወተቱም እንደታለበ ይቀዝቅዝ፤ ቆይቶ የቀዘቀዘ ወተት የጀመረውን መኮምጠጥ አይተውም።

ለሣጥኑ ከበረዶው ይልቅ ተጨነቂ። ፎሙ ወፍራም፣ ክዳኑ ጥብቅ፣ ጥላ ሥር የሚቀመጥ ይሁን። ብዙ ጊዜ ተጨማሪ በረዶ ከመግዛት የተሻለ መሸፈኛ ማድረግ ያዋጣል። ባለሱቆችም በፍሪዘራቸው ባዶ ቦታ በውኃ የተሞሉ ጠርሙሶች እንዲደረድሩ ንገሪያቸው፤ ለማበጫው ቦታ ትተው። መብራት ሲጠፋ ለስላሳውና ወተቱ ለሰዓታት ይቆይላቸዋል፤ ምንም አልከፈሉም።

9. ለኪ፣ መዝግቢ፣ ከዚያ ሽጪ።

አንድ ጊዜ ሠርቶ ያሳየ ዕቃ ገና አልተፈተነም። የዶቨሩ ቤትም በመጀመሪያው ክረምት ሠርቶ ነበር። ቁሱን በየቀኑ እያቀለጥሽ፣ እያረጋሽ፣ በመቶዎች ለሚቆጠር ጊዜ ሞክሪው፤ የመቅለጫ ዲግሪውና የሚቆይበት ሰዓት እንዳልተለወጠ በደብተር ያዢ። በበጋም በክረምትም፣ በደጋም በቆላም ለኪ። ኦዳ ቡልቱም ዩኒቨርሲቲ እዚሁ ከተማሽ ነው፤ ለቡናው ደግሞ መቻራ የግብርና ምርምር ማዕከል አለ። በራቸውን አንኳኪ፤ ብቻሽን አትድከሚ። ስትሸጪም ለገዢ የምትነግሪው «አዲስ ቴክኖሎጂ ነው» የሚለው ሳይሆን፣ ይህን ያህል ሊትር፣ ከዚህ ዲግሪ ወደዚህ ዲግሪ፣ ለዚህን ያህል ሰዓት፣ በዚህን ያህል ብር የሚለው ይሁን። ገበያ የሚወጣ ሰው ይህን ቋንቋ ያውቃል።

እንግዲህ ፍርዴን ልንገርሽ። ከሦስቱ ሐሳቦችሽ የወተቱን አስቀድሚ፤ ቁሱ ውኃ ነው፣ ስሌቱ ቀላል ነው፣ ገዢውም አለ። የቡናውን ሰም ለሁለተኛ ያዢው፤ ከ45 ዲግሪ በታች የሚቀልጥና ዋጋው የሚቀመስ ሰም ስታገኚ። የእንጀራውን ጨው ላቦራቶሪ ላላቸው ተዪላቸው፤ ጥናታቸውን ግን ተከታተዪ። አሁን ገንዘብ አትበደሪ፣ ድርጅትም አታቋቁሚ። አንድ ቴርሞሜትር ገዝተሽ ሚኤሶ ውረጂ፤ ወተቱ ከታለበበት እስከሚሸጥበት ስንት ሰዓት እንደሚቆይና ስንት ዲግሪ እንደሚደርስ ጽፈሽ አምጪልኝ። ከዚያ ተቀምጠን እናሰላዋለን።